እናቴ የጠፋችበት ሱቅ

እናቴ ገበያ ውስጥ ስሟ የታወቀ ሴት ነበረች። ቲማቲም ሻጯ ከሩቅ ስታያት መቀመጫዋን ታመቻች ነበር፤ ለጠብ ሳይሆን ለጨዋታ። እናቴ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ሻጯ ትናገራለች፣ እናቴ «ወይ ጉድ! ወርቅ ነው እንዴ የምትሸጪው?» ብላ ፊቷን አዙራ መሄድ ትጀምራለች። ሻጯ ትጠራታለች። እኔ የቀሚሷን ጫፍ ይዤ አብሬያት እሄዳለሁ፣ አብሬያት እመለሳለሁ። በመጨረሻ ሁለቱም የተበደሉ መስለው ይስማማሉ። ሻጯ ቲማቲሙን ከሚዛኑ ወደ ዘንቢላችን ከገለበጠች በኋላ አንድ ፍሬ መርጣ ትጨምርልናለች፤ ምራቂ። ያቺ ፍሬ የእኔ ነበረች። በቀሚሴ ጠረግ አድርጌ እዚያው ስገምጣት ጭማቂዋ እስከ ክርኔ ይወርዳል።

ወደ አክስቴ አገር ከመሄዳችን በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ገበያ የወጣን ቀን ግን እናቴ አልተከራከረችም። የተባለችውን ከፈለች። ሻጯ ገንዘቡን እንደያዘች ፈዛ ቀረች።

«ምነው ዛሬ? አሞሻል እንዴ?»

«ቸኩዬ ነው።»

ሻጯ እናቴን አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ቀሚስሽን ዘርጊ» አለችኝና በሁለት እጇ እያፈሰች ቲማቲም ሞላችልኝ። ግንባሬን ሳመችኝ። አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች «በይ እደጊልኝ» አለች። ጉንፋን የያዛት መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው ከብዙው ነገር ይሄ ያንገበግበኛል፤ ቲማቲም ሻጯ እንኳ ታውቅ ነበር።

እኔ የማውቀው የተነገረኝን ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የእናቴ ታላቅ እህት ባሏን ተከትላ ድንበር ተሻግራ የምትኖርበትን አገር አይተን እንመጣለን። ቤታችን ውስጥ ያለነው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። አባቴ ገና ሳልወለድ ነው የሄደው፤ መልኩንም አላውቀው። በቅርቡ ግን አናጢው እኛ ቤት መመላለስ ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ የመጣው የተሰነጠቀ በራችንን ሊጠግን ነው። በሩ ተጠግኖ አልቆ እንኳ እሱ መምጣቱን አልተወም። ኪሱ ውስጥ እንደ ጠጉር የተጠቀለለ የእንጨት ፍቅፋቂ ይዞልኝ ይመጣል፤ ጆሮዬ ላይ አንጠልጥዬ «ጉትቻዬን እዩልኝ» እላለሁ፣ እሱ «ኧረ ሙሽሪት!» ይለኛል። የሄድን ዕለት ሻንጣዬን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ ባቡር ጣቢያ ሸኘን። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ከጎኑ ትንሽ ሮጠ። «ቶሎ ተመለሱ!» ይል ነበር።

ሻንጣዬ ውስጥ ያለኝ ልብስ በሙሉ ገብቶ ነበር። የእናቴ ልብስ ያለው ግን ትንሽ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ልጅ ሆኖ እንዲህ ያለውን ማን ልብ ይላል?

የአክስቴ ቤት ፎቅ ላይ ነበር፤ ከመስኮቱ ሌላ ፎቅ ይታያል፣ በዚያ ፎቅ መስኮት ደግሞ የእኛው ፎቅ። አክስቴ የልብስ ንጽህና መስጫ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነበረች፤ እጆቿ ሁሌም ይሞቁ ነበር፣ ገላዋም የተተኮሰ አንሶላ ይሸታል። ባሏ ጋሼ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ልጅ የላቸውም። ማቀዝቀዣቸው የሰው ቁመት ያህላል፤ ሲከፈት ውስጡ መብራት ይበራል። እኛ ቤት የዕለቱ ለዕለቱ ነበር የሚገዛው። እናቴ የተደረደረውን ወተት፣ አይብ፣ ሥጋና እንቁላል አይታ አፏን ያዘች።

«እትዬ፣ ጦርነት ይመጣል ተብሏል እንዴ?»

«እዚህ አገር በየቀኑ ገበያ የሚወጣ የለም እህቴ። ለሳምንት ነው የሚሸመተው።»

«ከሳምንት በፊት የታረደ ነገር ትበላላችሁ?»

«እንበላለን። ይኸው አልሞትንም።»

ከሳሎኑ አጠገብ ጠባብ ክፍል አለች። አጭር አልጋ፣ ከዋክብት የተሳለበት መጋረጃ፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አላት። አክስቴ «የእንግዳ ክፍል ናት» አለችኝ። በዚያ አገር እንግዶች አጫጭር ናቸው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እናቴ በዚያች አልጋ ላይ እግሯን አጥፋ ከእኔ ጋር ስትተኛ ክፍሉ ለማን እንደተዘጋጀ ታውቅ ነበር።

መጀመሪያ ሱቁን ያየሁ ቀን በሩ ሰው ሳይነካው ተከፈተ። ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። ውስጡ ይቀዘቅዛል። የማያልቅ ጎዳና ነው፤ ግራና ቀኙ እስከ ጣሪያው ዕቃ። የሚጮህ ሻጭ የለም፣ «ነይ እህት፣ ቅመሺ» የሚል የለም። ከሁሉ የገረመኝ ሽታ አለመኖሩ ነው። ዓሣው አይሸትም፣ ሽንኩርቱ አይሸትም፤ ሁሉም ነገር በላስቲክ ታፍኗል። ዶሮዎቹ ተገሽልጠው፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተኝተዋል።

«እማዬ፣ ጭንቅላታቸውስ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች እናቴ፣ እሷም ተደናግጣ። «እዚህ አገር ያለ ጭንቅላት ነው መሰለኝ የሚያድጉት።»

እናቴ ከካርቶኑ እንቁላል አውጥታ ጆሮዋ ጋ አድርጋ ነቀነቀች፤ አገራችን የተበላሸ እንቁላል የሚለየው እንደዚያ ነው። «ኧረ መልሺው፣ ሰው እያየን ነው!» አለች አክስቴ እጇን እየያዘች። ወይኑን ቀመሰች፤ አክስቴ ደነገጠች። ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ስንደርስማ እናቴ ወገቧን ያዘች።

«ተርጉሚልኝ እስቲ። ይሄን ሁሉ ገዝተን ትንሽ አትቀንስልንም?»

«እህቴ፣ ዋጋውን የሚናገረው ማሽኑ ነው። ልጅቷ ምን ታድርግ?»

«እንግዲያው ማሽኑን ለምኚልኛ!»

ወረፋ የያዙት ሰዎች ምንም ሳይገባቸው ሳቁ። እናቴ ምራቂ ትጠብቅ ነበር መሰለኝ፣ ዕቃው ሁሉ ከተሰጠን በኋላም ትንሽ ቆመች። ገንዘብ ተቀባይዋ ግን ዓይኗን ወደ ቀጣዩ ሰው አዞረች።

ከዚያ ቀን ግዢ እናቴ ራሷ የመረጠችው አንድ ነገር ነበር፤ ሎሚ የተሳለበት ቢጫ ጠርሙስ። ቤት ስንገባ የተከተፈው ቲማቲም ላይ ጨመቅ ጨመቅ አደረገችበት። ቲማቲሙ አረፋ ደፈቀ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነበር። ጋሼ ሹካውን ጥሎ ሳቀ፣ አክስቴ ወንበር ይዛ ሳቀች፣ እኔ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። እናቴም ሳቀች፤ እንባዋ እስኪፈስ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ሁላችንም ካቆምን በኋላ እሷ ማቆም አቃታት። አክስቴ እጇን ይዛ መታጠቢያ ቤት አስገባቻትና ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃው ብዙ ወረደ። እኔ ኮራሁ። ከሁሉም በላይ መሳቅ የምትችለው የእኔ እናት ናት ብዬ። ያ ሳቅ እንዳልነበረ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ግዢ ሁለቱ እህትማማቾች ቀስ ብለው ተራመዱ። አክስቴ ጋሪውን ትገፋለች፣ እናቴ በየመደርደሪያው ፊት እየቆመች ታወራለች።

«ወተት ትወዳለች። ስልባቦቱን ግን ቀድመሽ አውጪላት፤ ካየችው አትነካውም።»

«እሺ።»

«ኦቾሎኒ በምንም ምክንያት እንዳትሰጪያት። ከንፈሯ ያብጣል።»

«እሺ።»

«ስታኮርፍ አትለማመጫት። ሳህኑን አስቀምጠሽላት ዞር በይ፣ ራሷ ትበላዋለች።»

አክስቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደግመው ነበር፣ እንደሚያጠና ተማሪ። እኔ የዚያ ሱቅ ደንብ መሰለኝ። እኛ አገር ሻጭ ስለ ቤተሰብሽ ይጠይቃል፤ እዚህ ሻጭ ስለሌለ ለመደርደሪያው መንገር ያስፈልጋል ማለት ነው። ደስ አለኝ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ያን ሁሉ ምግብ ትተው፣ ስለ እኔ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ርክክብ ላይ እንደነበርኩ አላወቅሁም።

ካፖርትም ገዙልኝ። እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው።

«ይሰፋኛል» አልኩ።

«እዚህ አገር ልብስ የሚሸጠው በሰፊው ነው» አለች አክስቴ ፈጠን ብላ። እናቴ እጅጌውን አጠፈችልኝ። ክረምት ሲመጣ የሚለበስ ወፍራም ካፖርት ነበር፤ ያኔ ግን ሰው ሁሉ በሸሚዝ ነበር የሚሄደው።

እናቴ የጠፋች ቀን ጠዋት ጋሼ የእጅ ቦርሳዋን ይዞ ወደ መኪናው ወረደ። «ቦርሳሽ የት ይሄዳል?» አልኳት።

«ዕቃ እንይዝበታለን።»

«እማዬ ደግሞ! እዚህ እኮ ሱቁ ራሱ ፌስታል ይሰጣል።» ማወቄ አኮራኝ።

አየችኝ። «አገሩን ለመድሽው ማለት ነው» አለች።

ወረፋው ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ እናቴ ጎንበስ ብላ የአንገቴን ቁልፍ ቆለፈች፣ ፈታች፣ መልሳ ቆለፈች።

«ጨው ረሳን። የአክስትሽን እጅ እንዳትለቂ። ይዤ መጣሁ።»

ሄደች። በመጠጦቹ በኩል ነበር የሄደችው። ጨው ደግሞ በሌላኛው ጫፍ፣ ከዱቄቱ አጠገብ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ። «እማዬ! በዚያ አይደለም! ጨው በዚህ በኩል ነው!» ብዬ ጮህኩ። ዞር አላለችም። የአክስቴ እጅ ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨበጠኝ።

ከፈልን። ከበሩ ውጪ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ሌላ ሰው ነው።

«አክስቴ፣ ጠፍታ ነው። የተጻፈውን ማንበብ አትችልም እኮ! እንግባና እንፈልጋት።»

«ትመጣለች፣ የኔ እናት።»

«መቼ?»

«ትመጣለች። ነይ እኛ እንሂድ።» በአውቶቡስ ሄድን፤ መኪናው አልነበረም። ከሱቁ ጀርባ ዕቃ የሚራገፍበት ሌላ በር አለ። ጋሼ እዚያ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃት እንደነበር፣ ቦርሳዋም የኋላ ወንበር ላይ እንደነበር ራሱ ነው የነገረኝ፤ ጎርምሼ፣ አፍጥጬ ስጠይቀው።

እኔ ግን በዚያን ጊዜ እናቴ ሱቁ ውስጥ እንዳለች አመንኩ። ማንም «አይደለም» አላለኝም። ስጠይቅ አክስቴ ጸጉሬን ታሻሽና ስለ ሌላ ነገር ታወራለች፤ ጋሼ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ራሴው አሰብኩላት። አይርባትም፤ ዳቦ አለ፣ ወይን አለ። አይበርዳትም፤ ከበስተኋላ ብርድ ልብስ ይሸጣል። ፎጣዎቹ መሐል ትተኛለች። መውጫው ጠፍቷት ዙሪያውን ትዞራለች፤ እኛ በአንደኛው መንገድ ስንገባ እሷ በሌላኛው ትወጣለች፤ ለዚህ ነው የማንገናኘው። ለግዢ በሄድን ቁጥር መደርደሪያ መሐል እያጮለቅሁ አያለሁ። በድምፅ ማጉያው የሆነ ነገር ሲነገር የሚጠሯት እሷን ይመስለኛል። አንድ ጊዜ የእናቴን አረንጓዴ ሻሽ ያየሁ መስሎኝ ሮጬ አንዲት የማላውቃትን ሴት ከኋላ አቀፍኩ። ሴትየዋ ሳቀችና ጉንጬን ዳበሰችኝ።

ካፖርቱ የሚለበስበት ወቅት መጣ። ትምህርት ቤት አስገቡኝ። የዚያን አገር ቋንቋ መጀመሪያ የለመድኩት በሱቅ ዕቃ ነው፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ሳሙና። ከዚያ ሌሎቹ ቃላት መጡ። የምፈልጋቸውን ሳገኝ፣ አክስቴ አይብ ስትመርጥ እጇን ለቀቅሁና ጥበቃው ጋ ሄድኩ። ከቀበቶው ላይ ብዙ ቁልፍ የሚንጠለጠልበት ወፍራም ሰው ነበር።

«እናቴ ጠፋች» አልኩት። «እዚህ ውስጥ።»

ሰውየው አላሾፈም፤ ተንበረከከ። ምን ለብሳ እንደነበር ጠየቀኝ። አረንጓዴ ሻሽ፣ ረጅም ናት፣ እዚህ ጋ ጠባሳ አላት፣ አልኩት አገጬን እየነካሁ። እጄን ይዞ ወደ ድምፅ ማጉያው ወሰደኝና ተናገረ። ድምፁ በሱቁ ሁሉ ላይ አስተጋባ። ይሄን ያህል ቀላል ነበር እንዴ? ለምን እስካሁን ማንም አላደረገውም? ዓይኔን ከመደርደሪያዎቹ ላይ ሳልነቅል ቆምኩ።

አክስቴ እየሮጠች መጣች፣ አይቡ በእጇ። ጥበቃው የሆነ ነገር ጠየቃት። የመለሰችለት እያንዳንዱ ቃል ገባኝ።

«እናቷ እኔ ነኝ።»

ሰውየው ጸጉሯን አየ፤ ሻሽ የለም። አገጯን አየ። ወደ እኔ ዞረ። «እሷ ናት?»

«አይደለችም» አልኩ።

አክስቴ እዚያው፣ በሰው ፊት ተንበረከከች። በእኛ ቋንቋ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «እናትሽ አገሯ ገብታለች» አለችኝ። «ከገባች ቆየች። እዚህ የለችም፣ የኔ ልጅ። ነይ ቤታችን እንግባ።»

ወዲያው ቤት ገብተን ስልክ ደወለችላት። የእናቴ ድምፅ ቅርብ ነበር፤ ጎረቤት ያለች ያህል።

«ደህና ነሽ? ምን በላሽ?»

«በየት በኩል ወጣሽ?» አልኳት።

 «አይሰማም» አለች። «ስልኩ አይሰማም፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ነው ምክንያቱ የተነገረኝ። አክስቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «አናጢው ሊያገባት ሲል የሰው ልጅ አላሳድግም ብሏት ነው» አለችኝ። «ብቻዋን ነበረች፣ ምን ታድርግ? እያለቀሰች ነው አደራ ያለችኝ።» አክስቴ ያንን እንዳመነች ነው የኖረችው፤ ለእሷም የተነገራት ያው ነበር። እኔም አመንኩ። ጆሮዬ ላይ ያንጠለጠልኩት ፍቅፋቂ ሁሉ ትዝ እያለኝ አንገፈገፈኝ። እናቴን መጥላት ስለከበደኝ እሱን በደንብ ጠላሁት። እናቴም አልፎ አልፎ ስትደውል «ምን ላድርግ፣ የሰው ልብ ጠባብ ነው» ትለኝ ነበር።

አክስቴ በደግነት አሳደገችኝ። እስክታረጅ ድረስ ከወተቴ ላይ ስልባቦቱን ታወጣ ነበር። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አምና ስትሞት መርዶውን ለእናቴ በአካል ልነግራት ወሰንኩና ወደ ተወለድኩበት ከተማ ሄድኩ።

እናቴ ሸብታለች። አለቀሰች፣ እህቷን ጠርታ አለቀሰች፣ ከዚያ ተነስታ ማድ ቤት ገባች፤ ሐዘን ሲመጣ ድሮም ምግብ ነበር የምትሠራው። ከአናጢው ጋር ልጅ አልወለዱም። እሱ ለምሳ ከሥራ ቤቱ መጣ። ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ ነበረ። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ። ፈርቶኛል። የፈራኝ ጥፋቱን ስለሚያውቅ ነው ብዬ በሆዴ «ይገባሃል» አልኩ።

እናቴ ድንች በሥጋ አቀረበች። ጥቂት እንደበላን ለዓመታት ሳብላላው የኖርኩትን አወጣሁት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንዲት ትንሽ ልጅ ቤትዎ ብትገባ ምን ያጎድልብዎት ነበር? ለምንድነው አላሳድግም ያሉት?»

የጎረሰውን አላመጠም። «ማነው ያለው?»

«እርስዎ ነዎታ።»

ወደ እናቴ ዞረ። መልሶ ወደ እኔ።

«እኔ አልጋ ሠርቼልሽ ነበር» አለ። «ራስጌው ላይ ወፍ ቀርጬ። ጣቢያ ወጥቼ ብጠብቅ ብቻዋን ወረደች። ልጅቷስ? አልኳት። አንተን አትፈልግም፣ አንተ ካለህበት ቤት አልመለስም ብላ የአክስቷን አንገት አንቃ ቀረች፣ አለችኝ። እኔ ሄጄ ላምጣት ብላት አይሆንም፣ ታለቅሳለች አለች። ልጅ በግድ አይወደኝም ብዬ ተውኩት። አልጋውን ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት።» ሳህኑን ገፋ አደረገ። «እስከ ዛሬ ምን አድርጌባት ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት።»

ሁለታችንም እናቴን አየናት። ጭልፋውን እንደያዘች ነበር።

«በልታችሁ እስክትጨርሱ ብትታገሡ ምን ነበረበት?» አለች።

«እማዬ።»

«ምን ልበልሽ?» ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ መለሰችው። «ገና ልጅ ሳለሁ ነው የወለድኩሽ። ሁሌ ቀሚሴን ይዘሽ ነበር፤ ገበያ ስወጣ፣ ስተኛ፣ ስነሳ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ የማንም እናት ሳልሆን መኖር አማረኝ። ይሄ ለማን ይነገራል? ለእህቴ? ለእሱ? ለአንቺ?»

«ለእኔማ ጨርሶ አልተነገረኝም» አልኳት። «ሱቅ ውስጥ ስፈልግሽ ከረምኩ።»

«አውቃለሁ። እትዬ ነግራኛለች።» ፊቷን አላዞረችም። «እሱን ክፉ ባላደርገው እኔን ትጠይኝ ነበር። አንቺን ክፉ ባላደርግሽ እሱ እኔን ይጠላኝ ነበር። ሁለታችሁንም ማጣት አልፈለግኩም።»

አናጢው ተነሳ። እጁን አልታጠበም። ባርኔጣውን ሳያነሳ በጓሮ በር ወጣ፤ የሥራ ቤቱ በር ሲዘጋ ሰማን። መጋዙ ይጀምራል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም ድምፅ አልመጣም። እናቴም ጆሮዋን ወደዚያው አድርጋ ትጠብቅ ነበር።

 ከዚያ እናቴ እሱ የተወውን ሳህን አነሳችና የተረፈውን ሥጋ አንድ ባንድ እየመረጠች የእኔ ሳህን ላይ ጨመረችልኝ።

«ብዪ» አለችኝ። «ይቀዘቅዛል።»

ተነስቼ መሄድ ነበረብኝ። ርቦኝ ነበር፤ በላሁ። ይጣፍጥ ነበር።